ለአጥንት ማኖሪያ የወጣ ስም

በሮም ከተማ፣ በካፒቶሊኒ ቤተ መዘክሮች ውስጥ፣ መካከሉ የተፈለፈለ አንድ ግዙፍ የእብነ በረድ ድንጋይ ይገኛል። በፊቱ ላይ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ «ኦሳ አግሪፒናይ» ብሎ ይጀምራል፤ «የአግሪፒና አጥንቶች» ማለት ነው። አግሪፒና የንጉሠ ነገሥቱ የአውግስጦስ የልጅ ልጅ፣ የጀርማኒኩስ ሚስት፣ የካሊጉላም እናት ነበረች። በ33 ዓ.ም. በግዞት ደሴት ላይ እንዳለች ሞተች (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ልጇም በ37 ዓ.ም. ዙፋኑን እንደ ያዘ ራሱ በመርከብ ሄዶ ዐፅሟን አመጣና በአውግስጦስ መካነ መቃብር አኖረው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ሮማውያን ደግሞ ያንኑ ድንጋይ ከነጽሑፉ ወስደው የእህል መስፈሪያ አደረጉት።

እኔን ግን ከመስፈሪያነቱ ይበልጥ የያዘኝ የጽሑፉ የመጀመሪያ ቃል ነው። የመቃብር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሟቹን ስም ያስቀድማል፤ ይህኛው ግን ከሴትዮዋ ስም፣ ከአያቷም ከባሏም ማዕረግ በፊት፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ነገር ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ሮማውያን ሬሳን ያቃጥሉ ነበር፤ እሳቱ በወይን ጠጅ ከጠፋ በኋላ ከአመዱ መካከል ዘመድ በእጁ እየለቀመ የሚያነሣው አጥንት ነውና። «አጥንት መልቀም» የሚለው ሐረግ በላቲን የታወቀ የቀብር ቃል ነበር፤ የተለቀመው የሚገባበት ዕቃም «ኦስ» ከሚለው የአጥንት ስም ተነሥቶ «ኦሱዋሪዩም» ተባለ። የቃሉ ጅራት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «አኳ» ውኃ ሆኖ የዓሣ መያዣው «አኳሪየም» እንደሚባል ሁሉ «ኦስ» አጥንት ሆኖ መያዣው ኦሱዋሪዩም ሆነ። የእንግሊዝኛው ኦሹዋሪ፣ የፈረንሳይኛው ኦሱዌር፣ የጣሊያንኛው ኦሳሪዮ ሁሉም ከዚህ የወጡ ናቸው። «ኦስ» ራሱም ዘመዶች አሉት፤ የግሪኩ ኦስቴዎን፣ የሳንስክሪቱ አስቲ፣ የጥንቶቹ ሒታውያን ሐስታይ አንድ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸው።

የቃሉ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ብዙ የሚነገርለት አይሆንም ነበር። ነገር ግን ሮማውያን ሬሳ ማቃጠልን ትተው ወደ መቅበር ሲመለሱ ዕቃው ሥራ ፈታ፤ ስሙ ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ነገር ለመሰየም ተነሣ። መጀመሪያ የአንድ ሰው አጥንት የሚገባበት ዕቃ ነበር፤ በኋላ ግን የሺዎች፣ አንዳንዴም የሚሊዮኖች አጥንት የተከማቸበት ቤት፣ ዋሻና የጸሎት ቤት ስም ሆነ። ዛሬ የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን የድንጋይ ሣጥን በዚህ ስም ይጠራል፤ የፓሪስ ከተማም ከመሬት በታች ሃያ ሜትር ላይ የሚገኘውንና የስድስት ሚሊዮን ሰው ዐፅም እንደ ያዘ የሚነገርለትን ዋሻ «የከተማው ኦሱዌር» ትለዋለች። በስም የሚታወቅ አንድ ሰው ያረፈበትና ማንም ከማን የማይለይበት ቦታ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ዘንድ ሟቹ ሁለት ጊዜ ተሸኝቷል። አንዴ የተቀበረን ሰው ከዚያ በኋላ የማይነካ ሕዝብ ለአጥንት ብቻ የሚሆን ቤት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ስምም አያወጣለትም። ስሙ የሚፈለገው መቃብር የመጨረሻ ማረፊያ መሆኑ ሲቀርና ሥጋው እስኪያልቅ ድረስ የሚቆዩበት ስፍራ ሲሆን ነው። ለዚህ ቤት የተለየ ስም ያለው ቋንቋ ሁሉ ስለ መቃብር አንድ የተለየ አሳብ እንደ ነበረው ይሰማኛል፤ የተመረጠው ስም ደግሞ ሰዎቹ ምን እያስቀመጡ እንደ መሰላቸው ያሳብቃል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሱት የኢየሩሳሌም ሣጥኖች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከተማዪቱ በ70 ዓ.ም. እስከ ጠፋችበት ጊዜ ድረስ በዚያ የነበሩ አይሁድ ሬሳን በዐለት በተፈለፈለ የቤተሰብ መቃብር ያጋድሙ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ተመልሰው አጥንቱን ይለቅሙና በኖራ ድንጋይ ሣጥን ያኖሩታል። የሣጥኑን ልክ የሚወስነው የሰውነታችን ረጅሙ አጥንት፣ የጭኑ አጥንት ነው፤ ርዝመቱ ለእርሱ ይበቃል፣ ስፋቱና ቁመቱ ደግሞ ለራስ ቅልና ለዳሌ። በ1990 በኢየሩሳሌም ደቡብ በተገኘ አንድ መቃብር ውስጥ ካሉት ሣጥኖች ያማረውን ብናይ፣ ፊቱ በኮምፓስ በተነደፉ የአበባ ቅርጾች ተሸፍኗል፤ በትልልቆቹ ክቦች ውስጥ ትንንሾቹ ክቦች ይሽከረከራሉ፤ ጠራቢው ብዙ ቀን እንደ ደከመበት ያስታውቃል። ስሙ ግን በዚያ ባማረው ፊት ላይ የለም። ባልተጌጠው ወገን፣ በሹል ብረት ተጭሮ፣ መስመሩም ተጣሞ «ዮሴፍ ወልደ ቀያፋ» የሚል ተጽፏል፤ ብዙ ምሁራን ይህ ሰው በወንጌል የምናውቀው ሊቀ ካህናት ቀያፋ ነው ይላሉ። በውስጡም ስልሳ ዓመት ከሆነው ሰው ጋር የአንዲት ሴትና የልጆች አጥንት ነበረ፤ ባጠቃላይ የስድስት ሰዎች።

ያ የተጣመመ ጽሑፍ ከአበባው ይልቅ ብዙ ነገር ይነግረኛል። አበባው የተሠራው በገበያ ለሚሸጥ ሣጥን ነው። ስሙን የጫረው ግን መቃብሩ ውስጥ በመብራት ጎንበስ ብሎ የቆመ የቤተሰቡ ሰው ነው፤ የጻፈውም ለመንገደኛ ሳይሆን በሚቀጥለው ሞት ተመልሶ ለሚመጣ ዘመድ፣ «አባትህ ያለው በዚህኛው ነው» ለማለት ነው። በ1902 በኢየሩሳሌም አጠገብ የተገኘና አሁን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ያለ ሌላ ሣጥን ደግሞ በግሪክኛ «ደጆቹን የሠራው የእስክንድርያው የኒቃኖር ቤተሰብ አጥንቶች» ይላል። በግሪክኛም የተቀደመው ቃል «አጥንቶች» የሚለው ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት እናትና የቤተ መቅደስ ደጅ ያሠራው ሰው ቤተሰብ፣ አንዷ በእሳት ሌሎቹ በዐለት መቃብር ውስጥ አልፈው፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ተገናኙ።

የሣጥኑ ስም ግን በዚያ አገር ከአጥንት አልወጣም። ከሣጥኖቹ አንዱ ላይ በአራማይክ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚህ «ሐልታ» ማንም ሰው የሚያገኘው ጥቅም ሁሉ በውስጡ ካለው ሰው ዘንድ ለእግዚአብሔር ቁርባን ነው ይላል። «ሐልታ» እንዲሁ መያዣ፣ ሣጥን ነው። «ቁርባን» ያለው ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን ሲወቅስ የጠቀሰውን ያንኑ ስለት ነው። አንድን ነገር ቁርባን ብሎ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ማድረግ እንዴት ያለ ልማድ እንደ ነበረ ከትርጓሜ ይልቅ ይህ ሣጥን ፈጥኖ ያስረዳል። ሌባ ሆይ፣ ክዳኑ የእግዚአብሔር ነውና አትንካው ማለት ነው።

የረበናት፣ ማለትም የአይሁድ መምህራን፣ መጻሕፍት ደግሞ ሣጥኑን «ግሉስቅማ» ይሉታል። ይህ ቃል የግሪኩ «ግሎሶኮሞን» ነው፤ ታሪኩም ከሁሉ የሚያስደስት ነው። «ግሎሳ» ምላስ ነው፤ የእምቢልታ አፍ ላይ የምትገባዋ ቀጭን ሸምበቆም ምላስ ትባል ነበር። ግሎሶኮሞን በመጀመሪያ እነዚያ ሸምበቆዎች እንዳይሰበሩ የሚቀመጡባት ትንሽ ሣጥን ነበረች። ቀስ በቀስ ለማንኛውም ሣጥን ስም ሆነች። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 24 ንጉሥ ኢዮአስ ለቤተ መቅደስ ማደሻ ያሠራውን የገንዘብ ሣጥን በዚህ ስም ይጠራል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ይሁዳ ይዞት የነበረው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «ከረጢት» የተባለው፣ በግሪኩ ይኸው ግሎሶኮሞን ነው። ከኦሪት የአራማይክ ትርጉሞች አንዱም ዮሴፍ በግብፅ የተቀመጠበትን ሣጥን ግሉስቅማ ብሎታል። እንግዲህ የእምቢልታ ምላስ፣ የቤተ መቅደስ ገንዘብ፣ የይሁዳ ሠላሳ ብር ሳይመጣ የነበረው ከረጢትና የአባቶች አጥንት በአንድ ስም ተጠሩ።

ይህን ሳስብ ስሙ ከአጥንት አለመውጣቱ ጉድለት አይመስለኝም። የከበረና የሚሰበር ነገር የሚቀመጥበት ዕቃ የሚል አሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። ረቢ አልዓዛር ባር ጻዶቅ አባቱ ሊሞት ሲል የነገረውን አስተላልፏል፤ አባትዬው መጀመሪያ በሸለቆ ቅበረኝ፣ በኋላም አጥንቴን ለቅመህ በግሉስቅማ አኑረኝ፣ ነገር ግን በገዛ እጅህ አትልቀመው ብሎት ነበር። ልጅ ይህን ሥራ ማሠራት አለበት፣ ማየት ግን የለበትም ማለት ነው። በሌላ ስፍራ ሊቃውንቱ በበዓል ሰሞን የአባትና የእናትን አጥንት መልቀም ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ተከራክረዋል። ረቢ ሜየር ደስታ ስለሆነ ይገባል አለ፤ ረቢ ዮሴ ኀዘን ነው ብሎ ተቃወመ። የኢየሩሳሌም ታልሙድ የተባለው የረበናት መጽሐፍ ሁለቱንም ያስታርቃል፤ በለቀመበት ቀን ያዝናል፣ በማግስቱ ደስ ይለዋል፣ አባቶቹ ከፍርድ አርፈዋልና። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 «አስቀድሜ እንድሄድ አባቴንም እንድቀብር ፍቀድልኝ» ያለውን ደቀ መዝሙር አንዳንድ ተርጓሚዎች ከዚህ ልማድ ጋር ያያይዙታል፤ አባቱ የሞተው ያን ዕለት ሳይሆን አጥንቱ የሚለቀምበት ጊዜ ገና የሚጠበቅ ነው በማለት። ንባቡ አስገዳጅ ባይሆንም ለጥያቄው መደፋፈር ማብራሪያ ይሆናል።

ወደ ምዕራብ አውሮፓ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ የአጥንት ቤት ስሙን ያገኘው ከሥጋ ነው። በላቲን «ካሮ» ሥጋ ነው፤ «ካርናሪዩም» ደግሞ ሥጋ የሚሰቀልበት መንጠቆ ወይም ሥጋ የሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ይህን የወጥ ቤት ቃል ወስዳ ለአጥንት ቤት ሰጠችው። ከዚያ የፈረንሳይኛው ሻርኒዬ፣ በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን የሚሰማው ካርነር መጡ፤ የእንግሊዝኛው ቻርነልም ከዚሁ ከሥጋ ቃል የተወለደ ነው። (ካርኒቫልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከጾም በፊት ለሥጋ የሚደረግ ስንብት ነውና።) ሥጋ ተጨርሶ ያለቀበትን ነገር የሚያኖሩበትን ቤት ለምን በሥጋ እንደ ጠሩት ብዙ አስቤበታለሁ። የእኔ ግምት፣ ስሙ የወጣው ከቤቱ ይዘት ሳይሆን ከእምነቱ ነው የሚል ነው። የላቲኑ የሃይማኖት ጸሎት «ትንሣኤ ሥጋ» ይላል። ለሚያምን ሰው በዚያ የተደረደረው አጥንት ሥጋውን የሚጠብቅ ነው፤ ሕዝቅኤል ባየው ሸለቆ እንደ ነበረው። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ጳጳሱ በ1316 የመሠረተው የካርናሪ ጸሎት ቤት ከላይ መቅደስ፣ ከታች የአጥንት ክፍል ነበረው፤ ከላይ ቅዳሴው፣ ከታች የሚጠብቁት።

የፓሪሱ የቅዱሳን ሕፃናት መቃብር ሻርኒዬዎች ግን ከሥነ መለኮት ይልቅ ከገበያ ጋር የሚቀራረቡ ነበሩ። በመቃብሩ ዙሪያ ቅስት ያላቸው ረጃጅም በረንዳዎች ተሠርተው፣ ከአፈሩ የወጣው አጥንት ከጣሪያቸው ሥር ባለው ክፍት ቆጥ ላይ ነፋስ እንዲያገኘው ይከመር ነበር። ከዚያ ሥር፣ በቅስቶቹ ውስጥ፣ ለማይጽፍ ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ጸሐፊዎችና ጨርቅ ሻጮች ይቀመጡ ነበር። በ1424 እና በ1425 በአንዱ ግድግዳ ላይ ሞት ጳጳሱንም ንጉሡንም ገበሬውንም እየጎተተ የሚያስጨፍርበት ሥዕል ተሣለ። አንዲት ሴት የፍቅር ደብዳቤ ስታስጽፍ ከጸሐፊው ራስ በላይ የአያቶቿ የራስ ቅል አለ ማለት ነው፤ ማንም ይህን እንደ ነውር የቆጠረው አይመስልም። ነውር የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1780 የመቃብሩ አፈር የአንድ ቤት ምድር ቤት ግድግዳ ደርምሶ ገባ፤ መቃብሩ ተዘጋ፤ ከዚያም አጥንቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈኑ ጋሪዎች፣ በሌሊት፣ በካህናት ዜማ እየታጀበ ወደ ከተማው የቀድሞ የድንጋይ ካባዎች ተጓጓዘ። ቦታው በ1786 ተባረከ። ያን ጊዜ ሻርኒዬ የሚለው ቃል ለአዲሱ ስፍራ አልተሰጠም፤ ሽታ ነበረው። ንጹሑ፣ የተማረው፣ ሥጋ የሌለበት የላቲን ቃል፣ ኦሱዌር፣ ተመረጠ። ሻርኒዬም ከዚያ ወዲህ እየጨለመ ሄዶ ዛሬ በፈረንሳይኛ ዜና ላይ ሲሰማ የተጨፈጨፉ ሰዎች የተጣሉበትን የጅምላ መቃብር ያመለክታል። ስለዚህ ያን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የዘመኑን ጽሑፍ ከጥንቱ ለይቶ ማየት አለበት፤ ያንዱን ዘመን ክብር በሌላው ዘመን ወንጀል ስም መጥራት ይመጣልና።

ሥጋ የሚበላ ድንጋይም አለ። «ሳርኮፋጉስ» የሚለው የግሪክ ቃል ሥጋ በል ማለት ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በጥሮአዳ አገር ባለችው በአሶስ ስለሚገኝ ድንጋይ ሲጽፍ፣ በውስጡ የተቀመጠውን ሬሳ ከጥርስ በቀር በአርባ ቀን ይጨርሰዋል ይላል። ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ያጌጠ የነገሥታት ሣጥን በዚህ ስም ሲጠራ የቃሉን ጥርስ የሚያስታውስ የለም።

ጀርመኖች ከካርነር ሌላ «ባይንሐውስ» የሚል ስም አላቸው። «ባይን» በዛሬው ጀርመንኛ እግር ነው፤ የማያውቅ ሰው የእግር ቤት ሊለው ይችላል። በጥንቱ ግን ባይን አጥንት ነበረ። የዚህ ቃል የእንግሊዝኛ ወንድም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ «ባንሁስ» ሆኖ ይገኛል፤ ቃል በቃል የአጥንት ቤት ነው፤ ግን የሚያመለክተው የሞተ ሰው ማኖሪያን ሳይሆን በሕይወት ያለ የሰው ገላን ነው። አጥንት የሚኖርበት ቤት መጀመሪያ እኛው ነን ያሉት ገጣሚዎች፣ ጀርመኖቹ የቀብር ሥርዓት ስም ባደረጉት ቃል ለመተንፈሻ ደረት ስም አወጡ።

በኦስትሪያ በሐይቅና በገደል መካከል የተጣበቀችው ሃልሽታት የባይንሐውስ ነገር በቅርብ የሚታይባት ናት። የመቃብር ቦታዋ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ መቃብሩ ተከፍቶ ለሌላ ይሰጥ ነበር። የወጣው የራስ ቅል ይታጠባል፤ ነጭ እስኪሆን ለሳምንታት አየር ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም መቃብር ቆፋሪው ወይም ሠዓሊ በግንባሩ ላይ የቅጠል ወይም የአበባ ጉንጉን ይሥላል፤ የሟቹን ስምና የሞተበትን ዘመንም ይጽፍበታል። ከ1200 ገደማ የራስ ቅሎች ከስድስት መቶ በላይ የሚሆኑት የተሣሉ ናቸው፤ በቤተሰብ በቤተሰብ ተደርድረዋል። የመጨረሻው በ1995 የገባ ሲሆን በ1983 የሞተች አንዲት ሴት የተናዘዘችው ነው፤ ወርቅ ጥርሷ እስካሁን ይታያል። እዚህ ያለው አጥንት ከነስሙ ነው። ይህን በቼክ አገር በሰድሌትስ ካለው ጋር ሳነጻጽር ልቤ ወደ ሃልሽታት ያደላል። በሰድሌትስ በ1278 አንድ አበ ምኔት ከጎልጎታ ያመጣውን አፈር በመቃብሩ ስለ በተነ ሁሉም በዚያ መቀበር ፈለገ፤ ወረርሽኝና ጦርነት ተጨምረውበት የአርባ ሺህ ሰው የሚገመት አጥንት ተጠራቀመ። በ1870 ሪንት የተባለ እንጨት ጠራቢ ከአጥንቱ መቅረዝና የመሳፍንት ቤተሰብ ዓርማ ሠራበት፤ የራሱንም ስም በአጥንት ጽፎ ፈረመ። ጥበቡን አላቃልልም። ነገር ግን በዚያ ቤት ከአጥንት ተሠርቶ የሚነበበው ስም የሙታኑ አይደለም፤ ይህም ከማኖር ወደ መጠቀም የተሻገረ ሥራ ይመስለኛል። በፖርቱጋል በኤቮራ ያለው የአጥንት ጸሎት ቤት ቢያንስ አጥንቶቹን ራሳቸውን ያናግራል፤ በበሩ ላይ «በዚህ ያለን እኛ አጥንቶች የእናንተን እንጠብቃለን» የሚል ተጽፏል።

ፋርሶች ዘንድ ቃሉ «አስቶዳን» ነው። «አስት» አጥንት፣ «ዳን» መያዣ ነው፤ የጨው ዕቃ «ነመክዳን»፣ የብዕር ሣጥን «ቀለምዳን» የሚባሉትም በዚሁ ቅጥያ ነው። ለጥንቱ የፋርስ ነቢይ ለዘራዱሽት ተከታዮች ሬሳ ርኩስ ነበር፤ አፈርን፣ ውኃንና እሳትን እንዳያረክስ ለአሞራ ይሰጥ ነበር። የነጻውን አጥንት ውሻና ቀበሮ እንዳይደርስበት፣ የዝናብ ውኃም እንዳይቆምበት አድርገው እንዲያኖሩት መጻሕፍታቸው ያዝዛሉ። ቃሉ ቀዝቃዛ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ርኩሱ ነገር ስላለቀ የቀረው በጨው ዕቃ ቅጥያ ቢጠራ አያሳፍርም።

የሴም ቋንቋዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃሉ። የግእዙ ዐፅም፣ የዕብራይስጡ ዔጼም፣ የዐረብኛው ዐዝም አንድ ናቸው፤ «አጥንት» የሚለው የአማርኛ ቃልም ከዚያው ግንድ እንደሚመዘዝ የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ። በዕብራይስጥ ዔጼም አጥንት ብቻ ሳይሆን «ራሱ፣ ያው ራሱ» የሚልም ትርጉም አለው። ኖኅ ወደ መርከቡ የገባበት ቀን በኦሪት «በዚያው ቀን» ተብሎ በአማርኛ የተመለሰው በዕብራይስጡ በቀኑ አጥንት እንደ ማለት ነው። በእኛም ዘንድ የአንድን ሰው ዘር ማንሣት «አጥንት መቁጠር» ይባላል። በዚህ ቋንቋ ለሚያስብ ሰው አጥንት ከሰው የተረፈ ነገር አይደለም፤ ሰውዬው ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ያማላቸው «ሬሳዬን» ሳይሆን «አጥንቴን ከዚህ አውጡ» ብሎ ነበር፤ ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ ይዞት የሄደው፣ በሴኬምም የተቀበረው ያ አጥንት ነው።

ስለ ሁለት ጊዜ መቀበር ካነበብሁት ሁሉ ነገሩን አጥርቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሮበርት ኸርትዝ ነው። በ1907 ባወጣው ጥናቱ በእስያ በቦርንዮ ደሴት የሚኖሩትን የዳያኮችን ልማድ መነሻ አድርጎ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀብር መካከል ሦስት ነገሮች አብረው እንደሚጠብቁ አሳየ፤ ሬሳው እስኪደርቅ፣ ነፍስ መንገዷን እስክታገኝ፣ ሐዘንተኛውም ከሰው እስኪቀላቀል። አጥንቱ ሲደርቅ ሦስቱም በአንድ ቀን ይፈታሉ። ኸርትዝ ራሱ በ1915 ሚያዝያ ወር፣ በ33 ዓመቱ፣ በፈረንሳይ ከቨርደን ምሥራቅ ባለው ሜዳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተገደለ። በማግስቱ ዓመት በዚያው አካባቢ የተጀመረው ውጊያ ደግሞ ሁለተኛ ቀብርን እጅግ ከባድ አደረገው፤ መድፍ የቀበረውን መድፍ ያወጣዋልና።

ከዚያ የተነሣው የዱዎሞን ኦሱዌር በ1932 ተመረቀ። በውስጡ 130 ሺህ የሚሆኑ ማንነታቸው ያልታወቀ የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮች ዐፅም አለ፤ ከሕንፃው ግርጌ ባሉት ትንንሽ መስኮቶች ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል። ፊት ለፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መስቀሎችና ሌሎች የመቃብር ምልክቶች የቆሙበት መካነ መቃብር አለ፤ በዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ስም ይገኛል። መቃብር የሚባለውና ኦሱዌር የሚባለው በአንድ ኮረብታ ላይ የሚለያዩት በጥልቀት ወይም በጊዜ አይደለም፤ በስም ነው። በሕንፃው ውስጥ ባሉት ድንጋዮች ላይ ቤተሰቦች ያስቀረጿቸው የወታደሮች ስሞች አሉ፤ ስሙ ከላይ፣ አጥንቱ ከታች፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ።

ለዚህ ሁሉ በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ መስጠት እንደማይበቃ የተረዳሁት እነዚህን ቦታዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። «የአጥንት ማከማቻ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ስሕተት አይደለም፣ ለፓሪሱ ዋሻም ይስማማዋል፤ ነገር ግን መጋዘን መጋዘን ይላል። ለኢየሩሳሌሙ ሣጥን «የዐፅም ሣጥን» ይበቃዋል። ለቤቱ ግን ከዮሴፍ ታሪክ ቃል መዋስ እመርጣለሁ፤ የኦሪት ዘፍጥረት የመጨረሻ ቁጥር በአማርኛው «በሣጥን ውስጥ አኖሩት» ይላል። «አኖረ» አስቀመጠ ነው፣ እንዲኖር አደረገም ነው። የግሪኮቹ «ኦስቴኦፊላኪዮ» አጥንት የሚጠበቅበት ማለት በመሆኑ ለዚህ ይቀርባል፤ በግሪክ የገዳማት ተራራ በአቶስ ያሉ መነኮሳት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጥንቱን አውጥተው የወንድማቸውን ስም በግንባሩ ላይ ጽፈው የሚያስገቡበት ቤት ይህ ነው። ስለዚህ ሃልሽታትንና አቶስን «የዐፅም ማኖሪያ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የፓሪሱን «የዐፅም ማከማቻ»፤ ዱዎሞንን ደግሞ፣ የስሞቹ ድንጋይ እስካለ ድረስ፣ ከማኖሪያዎቹ ወገን አደርገዋለሁ።